ቅርጹን የማይረሳ ላባ፦ የፍላጻ ክንፍ ፊዚክስ፣ ጽዳትና እድሳት

ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ተነስቶ በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ወደ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ ግራና ቀኙን የተደረደሩት የባህል ዕቃ መሸጫ ሱቆች ነበሩ። ጋሻና ጦር፣ በርጩማና መስቀል፣ የብር ጌጥና የሸክላ ዕቃ በየመስኮቱ ይታዩ ነበር። ከእነዚህም መካከል ብዙ ሰው ቁም ነገር ሳይሰጠው የሚያልፈው አንድ ዕቃ ነበር፤ እርሱም በጥግ የቆመ ቀስትና በቆዳ ኮሮጆ የታጨቀ የአደን ፍላጻ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ልሄድ ስዘጋጅ ከአንዱ ሱቅ ሁለት ፍላጻዎች ገዛሁ። አንዱ ለመምህሬ የሚሰጥ ስጦታ፣ ሌላው ለራሴ መታሰቢያ ነበር። በጅራታቸው ላይ በጅማት የታሰሩት ነጠብጣብ ያለባቸው የጅግራ ላባዎች እጅግ ያምሩ ነበር። ሻንጣዬን ስከፍት ግን ላባዎቹ ተጨፍልቀውና ተጣመው፣ በሱቁ አቧራ ላይ የሻንጣው ቆሻሻ ተጨምሮባቸው አገኘኋቸው። እኔም በችኮላ አንደኛውን ፍላጻ በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ አጠብሁት፤ ከዚያም በካውያ ላቃናው ሞከርሁ። ነጠብጣቡ ደበዘዘ፤ ላባው እንደ ረጠበ ክር ተጣበቀ፤ ሲደርቅም በጣቴ መካከል ተፈረካከሰ። ሁለተኛውን በተስፋ መቁረጥ ለቤተ ሙከራችን ቴክኒሺያን አሳየሁት። እርሱም ምንም ሳይናገር ማንቆርቆሪያ ጣደ፤ ላባውን ለጥቂት ሰከንዶች እንፋሎት አስነካና በሁለት ጣቶቹ ዳሰሰው። ላባው በዓይኔ ፊት ተቃና።

ፊዚክስ የሚማር ሰው ይህን አይቶ «ለምን?» ሳይል ሊያልፍ አይገባም። አንዱን ፍላጻ ያጠፋው ምንድን ነው? ሌላውንስ ያዳነው? ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። መልሱን ማወቅ ለጉጉት ብቻ አይደለም። በየቤቱ ግድግዳ፣ በየትምህርት ቤቱ የባህል ክበብና በየአካባቢው ሙዚየም የሚገኙ ላባ ያላቸው ቅርሶች የሚጠፉት ሁልጊዜ በቸልተኝነት አይደለም፤ አንዳንዴ የሚያጠፋቸው፣ እንደኔው፣ ሊያጸዳቸው የተነሳ በጎ ሰው ነው።

ላባ በፍላጻ ላይ ምን ይሠራል?

በቴዎድሮስ አደባባይ የምናውቀውን የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ እናስታውስ። የዚያ ዓይነት መድፍ የሚተኩሰው ሉል ቅርጽ ያለው ጥይት ነው። ሉል ፊትና ኋላ የለውም፤ በአየር ላይ ቢገለባበጥም ለአየሩ የሚያሳየው ገጽ አንድ ዓይነት ነው። ፍላጻ ግን ረጅምና ቀጭን ነው። በሹል ጫፉ ካልመጣ አይወጋም፤ በጎኑ ከዞረ ደግሞ እንደ ተወረወረ እንጨት ፍጥነቱን አጥቶ ይወድቃል። ስለዚህ ፍላጻ የሚያስፈልገው ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውን የሚጠብቅለት ነገር ጭምር ነው። ያ ነገር ላባው ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ሁለት ነጥቦችን መለየት ይበቃል። የመጀመሪያው የክብደት ማዕከል ነው። ፍላጻውን በጣትዎ ላይ አጋድመው ቢያመዛዝኑት የሚቆምበት ነጥብ ማለት ነው። የፍላጻው ራስ ብረት ስለሆነ ይህ ነጥብ ከመካከሉ ወደ ፊት ያዘነብላል። ሁለተኛው የግፊት ማዕከል ነው፤ ይኸውም ፍላጻው በጥቂቱ ሲያዘነብል ከጎን የሚመጣው የአየር ግፊት ተደምሮ የሚያርፍበት ነጥብ ነው። ላባ በጅራቱ ሲታሰር ብዙ ገጽ በኋላ በኩል ስለሚጨመር የግፊት ማዕከሉ ከክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። ፍላጻው ወደ ቀኝ ቢያዘነብል አየሩ ጅራቱን ገፍቶ ወደ መስመሩ ይመልሰዋል፤ ወደ ግራ ቢያዘነብልም እንዲሁ። የነፋስን አቅጣጫ የሚያሳየው ጠቋሚ ራሱን ወደ ነፋሱ መምጫ አዙሮ የሚቆመውም በዚሁ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ «ጦር ለምን ላባ የለውም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የሚወረወር ጦር ከባድ ነው፤ የሚሄደው በዝግታና በአጭር ርቀት ነው፤ የብረት ራሱም የክብደት ማዕከሉን ወደ ፊት ይስበዋል። በዝዋይ አካባቢ በገደሞታ የተገኙ የድንጋይ ጫፎችን የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ከ279,000 ዓመታት በፊት የሚወረወር ጦር በዚያ ሥራ ላይ እንደ ነበር የሚያመለክቱ የስብራት ምልክቶችን አግኝቷል። ቀስት ግን በክንድ ከሚወረወር መሣሪያ እጅግ ቀላል የሆነን ዘንግ በእጅጉ በሚበልጥ ፍጥነት ይሰድዳል። ዘንጉ በቀለለና በፈጠነ መጠን የጅራቱ ሚና ይጎላል። ላባ የሌላቸው ፍላጻዎች በአፍሪካ ልዩ ልዩ ክፍሎች አሉ፤ እነርሱም በከባድ ራሳቸው ተማምነው በቅርብ ርቀት የሚተኮሱ ናቸው።

አንድ አጭር ስሌት

ላባው ምን ያህል ኃይል እንዳለው በቁጥር እንየው። ፍላጻችን 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 30 ግራም መጠነ ቁስ ይኑረው፤ በሰከንድ 45 ሜትር ይብረር። ሦስት ላባዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር ከዘንጉ ወደ ላይ ይወጣል። ላባዎቹ ከክብደት ማዕከሉ በ33 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ፒያሳ የአየር እፍጋት በሜትር ኩብ 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ፍላጻው ከመስመሩ 5 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ላባዎቹ ላይ የሚያርፈው የጎን ኃይል በግምት 0.35 ኒውተን ይሆናል። ይህ ከፍላጻው ከራሱ ክብደት (0.3 ኒውተን) ይበልጣል! ኃይሉ በ33 ሴንቲ ሜትር ክንድ ላይ ሲሠራ ፍላጻውን ወደ መስመሩ ያዞረዋል። ፍላጻው መስመሩን አልፎ በሌላው በኩል ያዘነብላል፤ እንደገናም ይመለሳል። አንዱ ሙሉ ውዝዋዜ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ፍላጻው 9 ሜትር ተኩል ገደማ ይጓዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ መስመሩን የሚያገኘው ግን ከሁለት ሜትር ተኩል ባነሰ ርቀት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያው ላባ ውዝዋዜውን እያደከመ ያጠፋዋል።

ከዚህ ስሌት ሦስት ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፣ ፍጥነቱን በእጥፍ ብናሳድገው የውዝዋዜው ጊዜ በግማሽ ስለሚያጥር የ9 ሜትር ተኩሉ ርቀት አይለወጥም፤ ርቀቱን የሚወስኑት ፍላጻው፣ ላባውና አየሩ እንጂ የተኳሹ ጉልበት አይደለም። ሁለተኛ፣ በባሕር ጠለል አየሩ ስለሚወፍር ይኸው ርቀት ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ የደጋ ፍላጻ ከቆላው ይልቅ ላባውን ይፈልጋል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ላባው በብል ወይም በመጨፍለቅ ግማሽ ገጹን ቢያጣ ርቀቱ በ1.4 ተባዝቶ ከ13 ሜትር ይበልጣል። አዳኝ ወደ ታዳኙ ተጠግቶ የሚተኩስ ስለሆነ ጥቂት ሜትሮች ቀላል ነገር አይደሉም፤ አዘንብሎ የደረሰ ፍላጻ ይነጥራል እንጂ አይወጋም።

ላባ ሌላም ጥበብ አለው። ፍላጻው ከቀስቱ ሲወጣ ጅራቱ የቀስቱን እንጨት ታክኮ ያልፋል። ጠንካራ ክንፍ ቢሆን ኖሮ እንጨቱን መትቶ ፍላጻውን ያስተው ነበር፤ ላባ ግን ይታጠፍና ወዲያው ይቃናል። እንዲሁም የወፍ ክንፍ ላባ በተፈጥሮው ጎበጥ ያለ ነው፤ የግራ ክንፍ ላባ ወደ አንድ ወገን፣ የቀኝ ክንፍ ላባ ወደ ሌላው ይጎብጣል። ሦስቱም ላባዎች ከአንድ ወገን ክንፍ ከተወሰዱ ፍላጻው እየበረረ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ሽክርክሪቱም በዘንጉ ላይ ያለውን ጥቃቅን መዛባት በየአቅጣጫው ስለሚያካፍለው ፍላጻው ወደ አንድ ጎን አያዘነብልም። ግራና ቀኝ ቢደባለቁ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሳል።

በላባ ውስጥ ያለው ዚፕ

አሁን ላባውን ቀረብ ብለን እንመልከተው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ካያቸው ነገሮች አንዱ ላባ ነበር። ላባ መካከለኛ ግንድ አለው። ከግንዱ ግራና ቀኝ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ በዓይናችን እንደ ቀጭን ክር የምናያቸው እነዚህን ነው። ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ንዑስ ቅርንጫፎች ይበቅላሉ። በአንዱ ወገን ያሉት ንዑስ ቅርንጫፎች ጫፋቸው ላይ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሏቸው፤ በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ መንጠቆው የሚይዝበት ቦይ አላቸው። መንጠቆው ቦዩን ሲይዝ ጎረቤታሞቹ ቅርንጫፎች ይቆለፋሉ፤ ላባውም አየር በቀላሉ የማያሳልፍ አንድ ገጽ ይሆናል። ልክ እንደ ጃኬት ዚፕ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከትንሿ ሃሚንግበርድ ጀምሮ እስከ ግዙፉ የደቡብ አሜሪካ ኮንዶር ድረስ የንዑስ ቅርንጫፎች ርቀት ከ8 እስከ 16 ማይክሮ ሜትር ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ እንደሚገኝ አሳይቷል። የወፎቹ ክብደት በብዙ ሺህ እጥፍ ሲለያይ ዚፑ ግን አንድ ልክ ነው ማለት ይቻላል። የሰው ጸጉር ውፍረት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ላባ ሲጎሳቆል ሦስት ዓይነት ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። አንደኛው የዚፑ መከፈት ነው፤ ላባው ተሰንጥቆ ማበጠሪያ ይመስላል። ሁለተኛው የቅርንጫፎቹ ወይም የግንዱ መጣመም ነው። ሦስተኛው መሰበር ወይም መበላት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይድናሉ፤ ሦስተኛው አይድንም። የእድሳት ጥበብ የሚጀምረው እነዚህን ለይቶ ከማወቅ ነው። ወፏ የመጀመሪያውን በየዕለቱ ታድነዋለች፤ ላባዋን በምንቃሯ እየሳበች የምታስተካክለው ዚፑን ለመዝጋት ነው። በፍላጻ ላይ ያለ ላባ ግን ወፏ የለችውም፤ ምንቃሯን የሚተካው የእኛ ጣት ነው።

እንፋሎት ለምን ያድናል? በረኪና ለምን ያጠፋል?

ላባ የተሠራው ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ጸጉራችን፣ ጥፍራችንና የበሬ ቀንድም የዚሁ ፕሮቲን ዘመዶች ናቸው። የኬራቲን ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርስ የተያያዙት በዋናነት በሁለት ዓይነት ማሰሪያ ነው። አንዱ ደካማ ነው፤ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል። ሌላው ብርቱ ነው፤ ሁለት የድኝ አተሞች የሚሠሩት ድልድይ ነው።

ልዩነቱን የጸጉር ሥራ የሚያውቁ ሁሉ ያውቁታል። ጸጉር በውኃ ረጥቦ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ሲደርቅ ይጠቀለላል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ውኃ የሚፈታውና ሲደርቅ እንደገና የሚታሰረው የሃይድሮጅን ትስስር ብቻ ስለሆነ ነው። ዘላቂ ለውጥ የሚፈልግ ሰው ወደ ኬሚካል የሚሄደው የድኝ ድልድዩን ለመስበር ነው።

ላባም እንዲሁ ነው። ሻንጣ ውስጥ ሲጨፈለቅ ደካማዎቹ ትስስሮች በተጣመመው ቅርጽ ላይ እንደገና ይታሰራሉ፤ ላባውም ጠማማ ሆኖ ይቀራል። የድኝ ድልድዮቹና በኬራቲኑ ውስጥ ያሉት ጠንካራ ክሮች ግን የመጀመሪያውን ቅርጽ እንደያዙ ናቸው፤ እንደ ተጫነ ስፕሪንግ ዕድል ይጠብቃሉ። ውኃና ሙቀት ደካማዎቹን ትስስሮች ሲፈቱ ስፕሪንጉ ነጻ ይወጣል፤ ላባውም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ሲደርቅ ደካማዎቹ ትስስሮች በትክክለኛው ቅርጽ ላይ ይታሰራሉ። «ላባ ቅርጹን አይረሳም» ስንል ማስታወሻው የተጻፈው በእነዚህ ብርቱ ትስስሮች ነው ማለታችን ነው።

በረኪና ይህንኑ ማስታወሻ ያጠፋል። በውስጡ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የድኝ ድልድዮቹን ኦክሲዳይዝ አድርጎ ይሰብራል፤ የፕሮቲኑንም ሰንሰለት ይቆራርጣል። ከዚያ በኋላ የሚመለስበት ቅርጽ የለም። ካውያ ደግሞ ደረቅና ከመጠን ያለፈ ሙቀት ስለሚሰጥ ኬራቲኑን አድርቆ ያነክተዋል። የእኔ ፍላጻ የሞተው በሁለት መንገድ ነበር።

«የጸጉር ማድረቂያ ለምን አይበቃም?» ቢባል መልሱ ስውር ሙቀት ነው። አንድ ግራም እንፋሎት በላባው ላይ ወደ ውኃነት ሲለወጥ 2,300 ጁል ገደማ ይለቅቃል፤ አንድ ግራም ሙቅ አየር በ70 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው 70 ጁል ብቻ ነው። እንፋሎት ሙቀቱንና ውኃውን በአንድ ጊዜ ያደርሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆኑም ለሥራችን አያንስም። ይህ ሁሉ ኃይል ግን ጣትንም እንደሚያቃጥል አይዘነጋ።

ከመንካት በፊት፦ የመርዝ ጥንቃቄ

ስለ ላባው ከመጨነቅ በፊት ስለ ፍላጻው ራስ መጠንቀቅ ግድ ነው። በቦረናና በኬንያ የሚኖሩት ዋታዎች በረጅም ቀስታቸውና በመርዘኛ ፍላጻቸው የታወቁ አዳኞች ነበሩ። በምሥራቅ አፍሪካ ለዚህ የሚውለው መርዝ በአብዛኛው የሚቀመመው አኮካንቴራ ከተባለው የዛፍ ወገን ነው፤ ከዚህ ወገን የሆነው የአገራችን ዛፍ በአማርኛ መረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ ይባላል። በውስጡ የሚገኘው ዋባይን የተባለ ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው ከሶማልኛ ቃል ነው። በልብ ጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ ሶዲየምንና ፖታሲየምን የሚያመላልሰውን ፓምፕ በመዝጋት ልብን ያቆማል። መርዙ በደረቀ ፍላጻ ላይ ለብዙ ዓመታት ኃይሉን ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ ታሪኩ የማይታወቅ ማንኛውም አሮጌ ፍላጻ መርዝ እንዳለበት ይቆጠር። ራሱ በወፍራም ወረቀት ወይም ካርቶን ይጠቅለልና ይታሰር። ጓንት ይደረግ። ራሱ አይታጠብ፣ አይፋቅ፣ እንፋሎትም አይንካው። በእጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ሥራውን ለሌላ ይተው። ቅርሱ ከድሮ የሙዚየም ስብስብ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ለተባይ መከላከያ በተረጨበት አርሰኒክ ወይም ዲዲቲ ሊበከል ስለሚችል ለባለሙያ ማሳየት ይገባል።

የጽዳትና የእድሳት ቅደም ተከተል

1. መመርመር። ላባውን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ፤ ፎቶግራፍ ያንሱ፤ የትኛው ጉዳት የትኛው ዓይነት እንደሆነ በማስታወሻ ይጻፉ። ጥቁር ጭቃ የመሰለው ነገር ላባውን የያዘው ሙጫ ሊሆን ስለሚችል ቆሻሻ ነው ብለው አይፋቁት።

2. ደረቅ ጽዳት። ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ይውሰዱ። ከግንዱ ወደ ጫፍ፣ በቅርንጫፎቹ አቅጣጫ ብቻ ይጥረጉ፤ በተቃራኒው መጥረግ ዚፑን ይከፍታል። አብዛኛው ጊዜ ይህ ብቻውን ይበቃል።

3. እርጥብ ጽዳት፣ የግድ ካስፈለገ ብቻ። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ጥጥ በማርጠብ እንደ ብሩሹ በቅርንጫፎቹ አቅጣጫ ይዳስሱ፤ ከዚያም በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጥጥ ሳሙናውን ያስለቅቁ። እዚህ ላይ አንድ ቅራኔ አለ፦ ላባውን የሚያድነው ውኃ ማሰሪያውን ያጠፋል። ጅማት ሲርስ ይላላል፤ ከእንስሳ ቆዳ የተሠራ ሙጫም በሙቅ ውኃ ይሟሟል። ስለዚህ ማሰሪያውን አስቀድመው በስስ ፕላስቲክ ይሸፍኑ።

4. እንፋሎት። ማንቆርቆሪያውን አፍልተው ላባውን ከአፉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አርቀው ለ5 ሰከንድ ያህል ያስነኩ፤ ያርቁ፤ ይመልከቱ። አንድ ጊዜ ብዙ ከማስነካት ብዙ ጊዜ ጥቂት በጥቂት ማስነካት ይሻላል። ላባው ገና ለስላሳ ሳለ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዘው ከግንዱ ወደ ጫፍ በቀስታ ይሳቡት፤ ዚፑ ሲዘጋ ይታይዎታል።

5. ማድረቅ። ፍላጻው ላባው ምንም ሳይነካው በጥላ ሥር ይደር። ፀሐይ ላይ ማስጣት ስሕተት ነው፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ኬራቲንን ያደክማል፣ ቀለሙንም ያደበዝዛል። ነጭ የላባ ክፍል ጥንካሬ የሚሰጠው ሜላኒን የተባለ ጥቁር ቀለም ስለሌለው ከጥቁሩ ቀድሞ ይጎዳል።

ብልና ማከማቻ

ኬራቲንን አፍርሶ መመገብ የሚችል ፍጥረት ጥቂት ነው፤ የብል እጭና አንዳንድ የጥንዚዛ ዘሮች ግን ይችሉበታል። በላባው ላይ ጥርስ የነካው የሚመስል ጉድጓድ፣ በሥሩም ደቃቅ ዱቄት ካዩ ተባይ ገብቷል ማለት ነው። መፍትሔው ኬሚካል መርጨት ሳይሆን ቅዝቃዜ ነው። ፍላጻውን በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቀው አሽገው ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡ። ካወጡት በኋላ ከረጢቱን ለአንድ ቀን አይክፈቱ፤ ያለበለዚያ የክፍሉ እርጥበት በቀዘቀዘው ዕቃ ላይ ጤዛ ይሆናል። ከዚያም ከፀሐይ ርቆ፣ ላባው ግድግዳም ሆነ ሌላ ፍላጻ ሳይነካው ይቀመጥ። ላባ የሚጣመመው በአንድ ቀን ግፊት ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት በቆየ ቀላል ጫናም ጭምር ነው።

የማይመለሰውን መተው

የተሰበረ ቅርንጫፍ አይበቅልም፤ ብል የበላው ላባ አይሞላም። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ፍላጻዎችን መለየት ያሻል። ፍላጻው ዛሬ ለስፖርት የሚተኮስ ከሆነ ላባዎቹ ይቀየሩ፤ ሦስቱም ከአንድ ወገን ክንፍ፣ ከዝይ ወይም ከቱርክ ዶሮ የተወሰዱ ይሁኑ። የጥንብ አንሳ ላባ ፍለጋ መሄድ ግን አይገባም። በአገራችን ከሚገኙት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግበዋል፤ የዱር እንስሳትና ውጤቶቻቸውም በአዋጅ ጥበቃ ይደረግላቸዋል።

ፍላጻው አሮጌ ቅርስ ከሆነ ደግሞ የጎደለው ይጉደል። የተመረጠው ወፍ፣ የላባው አቆራረጥ፣ የጅማቱ አጠማዘዝ፣ ሁሉም የሠሪው እጅ ጽሑፍ ነው። አዲስ ላባ ብንተክልበት ፍላጻው ያምር ይሆናል፤ ማስረጃነቱ ግን ይጠፋል። ብሩሽና እንፋሎት የተመረጡትም ከሠሪው ሥራ ላይ ምንም ስለማይቀንሱና ምንም ስለማይጨምሩ ነው።

እናንተም ሞክሩት

ይህን ሁሉ በእምነት መቀበል አያስፈልግም። ለበዓል ከታረደ ዶሮ ሦስት የክንፍ ላባዎች ወስዳችሁ እጠቡና አድርቁ፤ ሦስቱንም በመጽሐፍ ሥር ለአንድ ሳምንት አጣማችሁ ጨፍልቁ። አንዱን እንፋሎት አስነኩት፤ ሁለተኛውን በጸጉር ማድረቂያ ብቻ ሞክሩት፤ ሦስተኛውን ለማነጻጸሪያ አትንኩት። የጥምመቱን ማዕዘን ከሙከራው በፊትና በኋላ ለክታችሁ በሠንጠረዥ አስፍሩ። የበረኪናውን ሙከራ ግን ለእኔ ተዉልኝ፤ ውጤቱን አስቀድሜ አይቼዋለሁ።

ከሁለቱ ፍላጻዎች የዳነውን ለመምህሬ ሰጠሁት። የሞተው ዛሬም በቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ተማሪዎች ሲገቡ «ይህ ላባ ምን ነካው?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔም የድኝ ድልድይንና የሃይድሮጅን ትስስርን በሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳቸዋለሁ። በመጨረሻም አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ አንድን ነገር ከማጽዳት በፊት ከምን እንደ ተሠራ መጠየቅ የሳይንስ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ እኔ ግን የተማርሁት አንድ ፍላጻ ከፍዬበት ነው።